«ቅጠል እኮ ነው!»

እኛ ቤት በሽተኛው አንድ፣ ሐኪሙ አራት ነው። አንደኛው በየወሩ ቀጠሮ የሚሰጡት እውነተኛው ሐኪም ናቸው። የቀረነው ሦስቱ እኛ ነን፦ ታላቅ ወንድማችን፣ ታናሽ እህታችንና ይህን የምትጽፈው መሀለኛዋ። ወንድማችን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ታናሻችን ገና ተማሪ ናት። መሀለኛዋ በጋዜጠኝነት ተመርቃለች። እንደምታዩት ሕክምና የተማረ አንድም የለም። ይሄ ግን መድኃኒት ከማዘዝ አላገደንም።

በሽተኛዋ እማዬ ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት «ቶንሲል ነው፣ ይተዋታል» ተብሎ ታለፈ። ተዋትም። የቶንሲሉ ጣጣ ግን ከዓመታት በኋላ በልቧ በኩል ዞሮ መጣ። ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። በመጨረሻ አንደኛው የልቧ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተካ። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል፣ አጠገቧ ለተኛ ሰው ቫልቩ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል። አብራት የምትተኛው ታናሻችን ያንን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ይውጣል። ሰዉ «የደም ማቅጠኛ» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ደሙን አያቀጥነውም፤ ቶሎ እንዳይረጋ ያዘገየዋል እንጂ። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ለእማዬ የተሰጣት ክልል ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ሲያልፍ መድማት አለ። ከዚያ ሲወርድ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህንን ሁሉ እናውቅ ነበር። እያወቅን ነው ያጠፋነው።

የለንደኑ ፌጦ

ነገሩ የተጀመረው በአክስታችን ነው። አክስታችን የምትኖረው ለንደን ነው። አንድ ቀን በቪዲዮ ስትደውል ከሱፐርማርኬት የገዛችውን፣ በላስቲክ የታሸገ ቅጠል እያሳየችን «ይሄን ብትቀምሱት ፌጦ ፌጦ ነው የሚለው!» አለች። ስሙ ዋተርክሬስ ነው። እኛ ቤት ግን ወዲያው «የውኃ ፌጦ» ተባለና ቀረ።

ስያሜያችን ብዙም አልሳተም። ጎመን፣ ጎመን ዘር፣ ሰናፍጭና ፌጦ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ዋተርክሬስም ከዚሁ ከሰናፍጭ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ መኖሪያው ላይ ነው። እሱ የሚወደው ከምንጭ የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ነው። ግንዱ እንደ ስትሮ ክፍት ስለሆነ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በየአንጓው ነጫጭ ሥር እያወጣ ይስፋፋል። አበባው ነጭና ትንሽ ነው፤ እንደ ዘመዶቹ አራት ቅጠል ያለው፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በእኛም ደጋ አገር በጅረት ዳር ይበቅላል።

አክስታችን ስልኩን ዘጋች፤ ወንድማችን ኢንተርኔቱን ከፈተ። ያገኘው ነገር አስደነገጠን። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 41 አትክልትና ፍራፍሬ በደረጃ ደርድሯል። አንደኛ የወጣው ዋተርክሬስ ነው፤ ከ100 መቶ! ከዚህ በኋላ ማን ያነባል? አርዕስቱ በቃን። ጥናቱ የለካው በአንድ ካሎሪ ውስጥ ስንት ንጥረ ነገር እንዳለ እንደሆነ ያየነው ዘግይተን ነው። ዋተርክሬስ 95 በመቶው ውኃ ነው። 100 ግራሙ የያዘው ካሎሪ 11 ብቻ ነው። ካሎሪው ትንሽ ሲሆን ነጥቡ ከፍ ይላል ማለት ነው። ደረጃው «ምግብነቱ ጥሩ ነው» ይላል፤ «የልብ በሽተኛን ያድናል» አይልም። እኛ ግን ያነበብነው ያላለውን ነበር።

ወንድማችን በሥራ ምክንያት ወደ ሱሉልታ ይመላለሳል። በሳምንቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በሚወርድ ቀጭን ጅረት ላይ ያንኑ ቅጠል አገኘው። ፎቶ አንስቶ ላከልን። ሥዕሉ ያምራል፤ አረንጓዴው ቅጠል ውኃው ላይ ተነጥፎ፣ ከጅረቱ ማዶ ላሞች ሲግጡ። ላሞቹን ያየናቸው እንደ ጌጥ ነበር። ቅጠሉን አሸት አድርጎ ቀመሰ፤ አፍንጫው ድረስ ወጣበት። እንግዲህ ተገኘ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ቅጠሉ ታጠበ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከተፈበት፣ ሎሚ ተጨመቀበት። ሁላችንም በላን። እማዬ ግን በሽተኛ ናትና ትልቁ ሳህን የእሷ ሆነ። በየቀኑ። ሲያልቅ ወንድማችን ሌላ እስር ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሄድን። እማዬ አንድም ቀን «በቃኝ» አላለችም። እኛም ተመራረቅን፤ እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!

1.4

የቀጠሮው ቀን መሀለኛዋ አብራት ሄደች። የደም ውጤቱ መጣ፤ 1.4። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አዩት።

«እናቴ፣ ኪኒን ዘለው ነበር?»

«ኧረ እኔ! አንድም ቀን።»

«አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«የባህል መድኃኒትስ? የሚፈላ፣ የሚጠጣ ነገር?»

«እሱንም የለም።»

እማዬ አልዋሸችም። መሀለኛዋም አጠገቧ ተቀምጣ ዝም ብላለች፤ ምክንያቱም ለእሷም ጥያቄው ሌላ ሰውን የሚመለከት ነበር የመሰላት። በመጨረሻ ሐኪሙ «ምግብ ላይስ? ጎመን፣ ሰላጣ ጨምረዋል?» ሲሉ ነው ጆሮዋ የቆመው። ያንን ሳህን አስታወሰች። መናገር ስትጀምር እማዬ ጣልቃ ገባች።

«እሱማ ቅጠል እኮ ነው!»

ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቅጠሉ እንዲቆም፣ ደሙ እስኪስተካከል የሚወጋ መርፌ እንዲጀመር አዘዙ። ከዚያ ለመሀለኛዋ ለብቻ እንዲህ አሏት፦ ድንገት አንድ ጎኗ ከዛለ፣ አንደበቷ ከተያዘ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም የቫልቩ ድምፅ እንደ ወትሮው ካልጠራ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት።

የቫልቩ ድምፅ ካልጠራ! በዚያ ሰሞን ሦስታችን ተራ ገብተን እማዬ ጎን አደርን። ቀጭ፣ ቀጭ። ወንድማችን ጠዋት ሥራ የሚገባው በቀላ ዓይን ነው። መሀለኛዋ በጨለማ ጆሮዋን ወደ እናቷ ደረት አስጠግታ አንድ ነገር ስታስብ አደረች፤ አራት ዓመት ሙሉ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያለች ተምራ፣ ያንን ቅጠል ግን አንዱንም አልጠየቀችውም። ለሰው የምናቀርበውን ጥያቄ ለቅጠል ማቅረብ ያሳፍራል እንዴ? እንግዲህ ዘግይተንም ቢሆን ጠየቅነው።

ምንድን ነህ?

መጀመሪያ የሚገባውን ክብር እንስጠው። የዚህ ተክል መድኃኒትነት ወሬ ብቻ አይደለም። የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍል «ኦፊሲናሌ» የሚል ነው፤ በጥንቱ መድኃኒት ቤት የሚቀመጥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ናስተርቲየም» ደግሞ ከላቲን «አፍንጫ ጠምዛዥ» ከሚል እንደመጣ ይነገራል። የሚገርመው፣ የጥንት ሮማውያን በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው የእኛኑ ፌጦ ነበር። ፌጦ ያጣጣመ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ አስረዱኝ አይልም።

አፍንጫ የሚጠመዝዘው ነገር በቅጠሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ አይደለም። ቅጠሉ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይዟል፤ አንደኛው ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር፣ ሁለተኛው ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም። ስታኝኩት ወይም ስትወቅጡት ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ያ የሚያቃጥለው ቅመም የዚያን ጊዜ ይፈጠራል። ፌጦ ሳይፈጭ ዝም ብሎ፣ ሲወቀጥ ዓይን የሚያስለቅሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ለተክሉ ይህ መከላከያው ነው፤ የሚበላውን ተባይ ማባረሪያ። እኛ ደግሞ መከላከያውን መድኃኒት አደረግነው።

አውሮፓውያን በቫይታሚን ሲ እጥረት ለሚመጣው የድድ መድማት ከጥንት ጀምሮ ሲበሉት ኖረዋል፤ 100 ግራሙ 43 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው። ሽንት እንዲያሸና፣ አክታ እንዲያቀል ይወስዱት ነበር። በጀርመን የዕፅዋት መድኃኒቶችን የሚገመግመው ኮሚሽን ኢ የተባለው ኮሚቴ ለመተንፈሻ አካል ጉንፋን ቢወሰድ ተቀባይነት አለው ብሎ ፈቅዶለታል። ያው ኮሚቴ ግን በዚያው ወረቀት ላይ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስለት ያለበት፣ የኩላሊት ብግነት ያለበት፣ እንዲሁም ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይውሰድ ይላል። መድኃኒት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የሚወስደውም የማይወስደውም ሰው አለው።

ማን ይብላህ? ምን ያህል?

የእማዬ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት ደም ለማርጋት የሚጠቀምበትን ቫይታሚን ኬ በማወክ ነው። በቫይታሚን ኬ የተሞላ ምግብ በድንገት ሲበዛ ኪኒኑ ይሸነፋል። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚበቃው ቫይታሚን ኬ ከ90 እስከ 120 ማይክሮግራም ነው። 100 ግራም ዋተርክሬስ 250 ገደማ ይዟል። እኛ ሐኪሙ በኪኒን በኩል የሚጎትቱትን ገመድ ሦስት ሆነን በሳህን በኩል ስንጎትት ነበር።

«ታዲያ እማዬ ጎመን ስትበላ ኖራ የለ?» አለ ወንድማችን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለብዙ ቤት ስለሚጠቅም እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጎመንም በቫይታሚን ኬ የታወቀ ነው። ግን እማዬ ጎመኗን ለዓመታት በለመደችው መጠን ስትበላ ነው የኖረችው፤ የኪኒኗ ልክ የተቆረጠው ከጎመኗ ጋር ተደርጎ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ነገር አይብላ አይባልም። የሚባለው አንድ ልክ ይዘህ ብላ ነው። ጥፋቱ ያለው ድንገት መጨመሩ ላይ ነው፤ ድንገት መተዉም እንዲሁ በሌላው በኩል ያደማል። ጾም ሲገባና ሲወጣ ሳህናችን በአንድ ሌሊት በሚለወጥበት አገር ይሄንን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ቤታችሁ ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ካለ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ከየት መጣህ?

አሁን ወደ ላሞቹ እንመለስ። ያ ውብ ፎቶ ላይ ያሉትን ማለታችን ነው።

በከብትና በበግ ጉበት ውስጥ የሚኖር ጠፍጣፋ ትል አለ፤ ፋሲዮላ ይባላል። እንቁላሉ ከእበቱ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚያ የተፈለፈለው ጥገኛ ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቷ ውስጥ ይራባል። ከዚያ ይወጣና ዋኝቶ ውኃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚበላውን ይጠብቃል። የሚበላው ላም ሊሆን ይችላል። ሦስት ወንድምና እህት ከእናታቸው ጋርም ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙዎቻችን ይህ ትል ከጥሬ ጉበት የሚመጣ ይመስለናል፤ መንገዱ ግን በቅጠልና በውኃ በኩል ነው። በዓለም ላይ በዚህ ትል ከተያዙት ሰዎች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ስሙ የሚነሳው ተክል ደግሞ ዱር በቀሉ ዋተርክሬስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 በሚበልጡ አገሮች ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰው በዚህ በሽታ እንደተያዘ ይገምታል።

አክስታችን የምትበላውስ? የእሷ ከሌላ ውኃ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዋተርክሬስ ለገበያ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1808 ኬንት ውስጥ፣ ዊልያም ብራድበሪ በሚባል ሰው እጅ ነው። ዛሬም ደህናው የሚበቅለው ከመሬት ውስጥ በቀጥታ በሚወጣ ምንጭ፣ ከብት በማይደርስበት መደብ ላይ ነው። እነሱም ይህን የተማሩት በቀላሉ አይደለም፤ በፍሳሽ ውኃ የበቀለ ዋተርክሬስ በታይፎይድ የተከሰሰበት ዘመን ነበራቸው። በመካከለኛው 19ኛው ክፍለ ዘመን ሄንሪ ሜይኸው የሚባል ጋዜጠኛ በለንደን ጎዳና ላይ ዋተርክሬስ በእስር በእስር የምትሸጥ የ8 ዓመት ልጅ አግኝቶ ኑሮዋን ጠይቋታል፤ ቃለ መጠይቁ እስከ ዛሬ ይነበባል። የሙያ ባልደረባችን ከአንድ እስር ቅጠል ጀርባ ማን እንዳለ ጠየቀ። እኛ ከቅጠላችን ጀርባ የቆሙትን ላሞች እንኳ አልጠየቅንም።

የውኃው ነገር በትል ብቻ አያበቃም። ዋተርክሬስ በውኃው ውስጥ ያለውን ብረት ወደ ራሱ የመሳብ ችሎታ አለው። በኒውዚላንዱ ዋይካቶ ወንዝ ላይ የበቀለው አርሴኒክ አከማችቶ ተገኝቷል። ወደ ሰፈራችን ስንመጣም በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና ሊድ ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። እዚህ ከተማ ውስጥ በወንዝ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የሚያምር ነገር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ቅጠሉ የቆመበትን ውኃ ይመስላል።

እንዴት ልብላህ?

«በደንብ አጥበነው ነበር እኮ፤ ሎሚም ጨምቀንበታል» አለች ታናሻችን። የተጣበቀው ጥገኛ በማጠብም በሎሚም እርግጠኛ በሆነ መንገድ አይለቅም። የሚያጠፋው በደንብ ማብሰል ነው። ግን ሲበስል ያ ኢንዛይም ይሞታል፤ አፍንጫ የሚጠመዝዘው ነገርም አብሮ ይሄዳል። በጥሬው መድኃኒቱም ትሉም አለ፤ በሲበስል ሁለቱም ይቀንሳሉ። ስለዚህ የዱሩን የሚያገኝ ሰው እንደ ጎመን አብስሎት ይብላ፤ ጥሬውን የሚወድ ውኃው ከየት እንደሆነ ከሚያውቀው ቦታ ብቻ ይውሰድ። ከዚህ ውጭ ሦስተኛ መንገድ አላገኘንም።

የኛ ጉዳይ እንዴት አለቀ? የእማዬ ደም በሳምንት ተኩል ወደ ክልሉ ተመለሰ። ቫልቩም ድምፁን አላጠፋም። የትሉ ነገር ግን ትዕግሥት ጠየቀ፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳልና፣ ወዲያው የሰገራ ምርመራ ማድረግ ዋጋ የለውም ተባልን። አራት ወር ጠበቅን። በየመሀሉ አንዳችን ሆዳችንን ባመመን ቁጥር ሁላችንም ዝም እንላለን። በአራተኛው ወር አራታችንም ተመረመርን፤ ነጻ ሆንን። ዕድል ነው። ዕድል ደግሞ እውቀት አይደለም።

አንድ ያልነገርናችሁ ነገር ቀርቷል። ውጤቱን ይዘን ቡና ተፈልቶ ሳለ ወንድማችን «እማዬ፣ ለመሆኑ ያ ቅጠል ይጣፍጥሽ ነበር?» አላት። እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ኧረ እሳት ነው! ጨጓራዬን ሲልጠኝ ነው የከረመው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እናንተ በፍቅር ያመጣችሁትን እንዴት ልመልስ?»

ዝም አልን። እኛ ለእሷ ብለን አበላን፤ እሷ ለእኛ ብላ በላች። በመሀል ቅጠሉን ምን እንደሆነ፣ እሷንም ምን እንደተሰማት የጠየቀ ሰው አልነበረም። የባህል መድኃኒትን ማጣጣል አልፈለግንም፤ ጉንፋን ሲይዘን ዛሬም ፌጦ በማር የምታዘጋጅልን እማዬ ናት፤ እኛም አፍንጫችንን ይዘን እንውጣለን። ግን «ቅጠል እኮ ነው» የሚለውን አባባል ከቤታችን አስወጥተነዋል። ቅጠል ከሆነ ይሠራል፤ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ይጠየቃል፤ እንደ ኪኒን፣ በስንት መጠን፣ ከምን ጋር፣ ከየትኛው ውኃ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እማዬ ለሐኪሙ የምትነግረውን በወረቀት እየጻፍን ነው። ዝርዝሩ ላይ ፌጦም አለ፣ ጎመንም አለ፣ ተልባም አለ። እማዬ አይታው ሳቀች፤ «ይሄ የሐኪም ወረቀት ነው ወይስ የአስቤዛ?» አለች። ሁለቱም ነው፣ እማዬ።

ቸር ያሰንብተን።